«ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው ነው?»

«ልጄ፣ ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው ነው እንዴ?»

የጠየቁኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔን ላብ አሰመጠኝ።

ጅማ ውስጥ ድረ ገጽ በመሥራት ነው የምተዳደረው። በቡና ለቀማ ሰሞን አንድ ድርጅት በጅማ ዞን ለማና ወረዳ ገበሬዎች 12 ክፍል ያለው የድምፅ ትምህርት አዘጋጀ። ከለቀማ ጀምሮ ማድረቅ፣ ማገላበጥ፣ ማከማቸት እያለ ይሄዳል። ከእኔ የተፈለገው ገበሬው ገጹን ከፍቶ አንዴ ሲነካ 12ቱም ተራ በተራ እንዲጫወቱ ብቻ ነው።

«የሁለት ሰዓት ሥራ ናት» አልኩ። ይቺ አባባል ስንቴ አዋርዳኛለች!

እያንዳንዱ ፋይል ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መዘገብኩና ኮዱ ውስጥ ሰዓት ቆጣሪ አስገባሁ። የመጀመሪያው 94 ሰከንድ ነው፤ 94 ሲሞላ ሁለተኛውን አስጀምር። ለየፋይሉ ደግሞ የራሱ የኦዲዮ ታግ፣ ማለትም ገጹ ላይ ድምፅ የሚያጫውት የኮድ ክፍል። ቢሮ በዋይፋይ ስሞክረው ውልፍት አላለም።

ማና ላይ ግን ያለው የሞባይል ዳታ ነው። ዝናቡም ይወርዳል። የመጀመሪያው ፋይል መሀል ላይ ቆመ፤ እስኪጫን ጠበቀና ቀጠለ። ቆጣሪው ይህን በምን ያውቃል? እሱ ቆጠራውን አላቋረጠም። ሴትየዋ «ቀዩን ፍሬ ብቻ...» እያለች ሰውየው «ማድረቂያ አልጋው ላይ በስሱ...» ብሎ ገባባት። ሁለቱም በየራሳቸው ታግ ስለሚጫወቱ አንዱ ሌላውን ዝም የሚያሰኝበት መንገድ የለም።

«አይ አባባ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ኔትወርክማ መዘግየት ልማዱ ነው፤ እንደማይዘገይ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደንግጬ ገጹን ዘጋሁት። ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሰርቨር ላይ ያለውን ፎልደር ከፍቼ ከላይ ወደ ታች በእጄ መጫን ጀመርኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ከክፍል 1 ቀጥሎ የመጣው ክፍል 10 ነው፤ ማከማቸት! ሰርቨሩ ስሞቹን የደረደረው እንደ ፊደል እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም፤ 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ ከዚያ 2። አንዲት እናት ከኋላ ጮኹ፤ «እንዴ! ዛሬ የተለቀመ እሸት ቡና ጆንያ ውስጥ? ይሻግትብን?»

ማታ ቢሮ ስገባ ለባልደረባዬ ነገርኩት። «አቦሉ ሳይጠጣ ቶናውን ቀዳህላቸዋ» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

ቆጣሪውን ነቅዬ ጣልኩት። ብራውዘሩ አንድ ድምፅ ሲያልቅ «ኤንድድ» የሚባል ምልክት ራሱ ይሰጣል። ያን ሰምቶ ቀጣዩን ማስጀመር ነው፤ በቃ። ቢዘገይም፣ ገበሬው አቁሞ ቡና ጠጥቶ ቢመለስም፣ ሳያልቅ ምልክቱ አይመጣም። አሥራ ሁለቱን ታግ ደግሞ አንድ አደረግኩት፤ ፋይሉ ብቻ ይቀያየርበታል። አይፎን ላይ በእያንዳንዱ አዲስ ታግ ተጠቃሚው ካልነካው አልጫወትም ሊል ይችላል፤ አንዴ የተነካ ታግ ግን ይቀጥላል። ብራውዘሩ ከነጭራሹ እምቢ ካለ ብዬም «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። የፋይሎቹን ስም 01፣ 02 እያልኩ ለወጥኩ።

በዚህ አላበቃም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስሞክረው ክፍል 1 አልቆ እንደገና ክፍል 1 ይጀምራል። ኮዱን ሦስቴ አነበብኩ፤ እንከን የለውም። ለካ ታጉ ላይ ለሙከራ ብዬ የጻፍኳትን «ሉፕ» (ደጋግመህ አጫውት) የምትል ቃል ረስቻታለሁ። ሉፕ ካለ ድምፁ አላለቀም ማለት ነው፤ «ኤንድድ» ፈጽሞ አይመጣም። አንዲት ቃል ሰርዤ ተኛሁ።

በፋይሎቹ መሀል ትንሽ ዝምታ ቀረች። ኤምፒ3 የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ጫፍና ጫፉ ላይ ባዶ ድምፅ ስለሚጨምር ነው። ሙዚቃ ቢሆን ታበሳጭ ነበር። ለንግግር ግን እንደ ትንፋሽ ናት፤ ተውኳት።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ዝናቡም አልቀረም። ክፍል 4 ላይ ድምፁ ቀጥ አለ። አዳራሹ ጸጥ፤ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሴትየዋ ካቆመችበት ቀጠለች፤ ማንም አልገባባትም።

አዛውንቱ ዞር ብለው «ታረቁ?» አሉኝ።

ክፍል 7 ላይ መብራት ሄዶ ስፒከሩ ጠፋ። እሱን እንኳ እኔ ላይ ያላከከ የለም።