ገደል አፋፍ ላይ ያለው ካብ

ቁርሴን ጥግብ ብዬ ጀልባ ላይ መውጣቴ ስህተት ነበር። ከአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከሮሳቪል ወደብ እስከ ኢኒሽ ሞር ደሴት 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። አትላንቲክ ግን የዚያን ቀን ተነሥቶበት ነበር። የደሴቷ ወደብ ኪልሮናን ስንደርስ መሬቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ብስክሌት ተከራየሁ። ሰንሰለቱ መንገድ ላይ ሁለቴ ወለቀብኝ። እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ቆሜ ሳለሁ፣ በጋሪ የሚሄዱት ቱሪስቶች እጃቸውን እያውለበለቡ አለፉኝ። በግራም በቀኝም ካብ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ደሴቷ ድፍን የኖራ ድንጋይ ናት፤ ነዋሪዎቹ አፈሩን ራሱ አሸዋና የባሕር አረም እየደባለቁ ነው የሠሩት።

ዱን ኤንጉስ የሚሉት የጥንት ምሽግ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። መንገድህ ላይ የሚቀበልህ እንደ ጦር የተተከለ ሾጣጣ ድንጋይ ነው፤ ጠላት ሮጦ እንዳይደርስ። ከዚያ አጎንብሰህ በጠባብ በር ትገባለህ። ውስጡ ሣር ነው፤ ከሣሩ ቀጥሎ ደግሞ ምንም የለም። ግንቡ ግማሽ ክብ ሠርቶ ገደሉ ላይ ያበቃል፤ ባሕሩ 90 ሜትር ገደማ ወደ ታች ነው። አጥር የሚባል ነገር የለም። በደረቴ ተኝቼ ቁልቁል አየሁና ቶሎ ብዬ ወደ ኋላ ተሳብኩ።

ዛሬ የምናየው ግንብ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ብዙ ቦታ ተጠግኗል። ከዚያ በፊት፣ በ1857፣ የደራሲው የኦስካር ዋይልድ አባት ዊልያም ዋይልድ ምሁራንን እየመራ እዚሁ ግንቡ ውስጥ ግብዣ አድርገው ነበር። ጥንቸል ፍለጋ ካቡን እንዳይንዱት ነዋሪዎቹን የለመኑትም ያኔ ነው። ጥንቸል!

እኔን የያዘኝ ግን ከመሬት የወጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 በአርኪዮሎጂስቷ ክሌር ኮተር መሪነት እዚህ ተቆፍሮ ነበር። ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ ጀምሮ እዚህ እንደነበረ፣ የመጀመሪያው ቅጥርም በ1100 ገደማ እንደተሠራ ታወቀ። የቤት መሠረት ተገኘ፤ የበግ አጥንት ተገኘ። የባሕር ዛጎሉማ ጉድ ነው፤ አለት ላይ ሙጭጭ የሚለው፣ ቆብ የሚመስለው ቀንድ አውጣ የዘወትር ምግባቸው ነበር ማለት ነው። የአምበር (እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጥንት ዛፍ ሙጫ) ዶቃና አራት የነሐስ ቀለበቶችም ወጥተዋል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ስብርባሪው ሸክላ ነው። ነሐስ አቅልጠው ሰይፍና የጦር ጫፍ የሚያፈሱበት ቅርጽ ነበር። ሰይፉን ለማውጣት ሸክላውን መስበር ግድ ነው። ሰይፉ ከባለቤቱ ጋር ሄደ፤ ስብርባሪው እዚሁ ቀረ። ነሐስ ደግሞ መዳብና ቆርቆሮ ይፈልጋል፤ ደሴቷ ላይ አንዱም የለም። ስለዚህ በጀልባ ነው የመጣው፣ ያንኑ እኔን አንጀቴን ያስወጣኝን ባሕር ተሻግሮ። ያውም ሞተር በሌለበት ዘመን።

ከዚያ በኋላ ቦታውን «ምሽግ» ብቻ ብዬ መጥራት አልሆነልኝም። እዚህ ወናፍ የሚነፋ ሰው ነበር፤ እራት የሚጠብቅ ልጅም አይጠፋም ነበር። ነፋሱ ባርኔጣዬን ሊወስደው ሲታገል፣ እሳቱን እንዴት አድርገው እንዳቆዩት ነበር የማስበው።

ስመለስ ኪልመርቪ የሚባል የባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ያ ቀንድ አውጣ ዛሬም አለቱን ሞልቶታል። አንዱን በጣቴ ልነቅለው ሞከርኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ድንጋይ አንሥቼ ልመታው ብዬ ተውኩት። ጀልባው ሊሄድ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሰንሰለቴም እንደገና ወልቋል።