ምን ተበደልሽ?

ሐሙስ ማታ፣ ባሕር ዳር

ከሰኞ ጀምሮ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ መጨረስ አቅቶኝ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት የማስታወቂያ ጽሑፍ ባለሙያ እንደሚፈልግ ባየሁ ዕለት ሲቪዬን በአንድ ሰዓት ውስጥ አሰናዳሁ፤ አብሮት የሚላከው የማመልከቻ ደብዳቤ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፍሁት እጄ በለመደው መንገድ ነው። «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ» ብዬ ጀመርሁ፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ቀጠልሁ፣ «ይህን የሥራ ዕድል አገኝ ዘንድ መልካም ፈቃዳችሁ እንዲሆን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያም ለእናቴ ወንድም ለጋሼ አነበብሁላቸው፤ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ከፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸውና ከእርሳቸው የተሻለ ፈራጅ አላገኝም ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡና «አጻጻፉስ ደኅና ነው፤ ግን ምን ተበደልሽ?» አሉኝ። ሥራ ፈልጌ እንጂ ተበድዬ አለመሆኑን ባስረዳቸው «ታዲያ አቤት ማለቱን ተይና የሠራሽውን ንገሪያቸው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ሁለተኛውን ረቂቅ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ወሰድሁት። «የፈጠራ ችሎታ ያለኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ የሥራ ጫናን የምቋቋም» እያልሁ ደርድሬ ሳነበው አፈርሁ፤ እኛ ቤት ራስን ማወደስ ነውር ነው። ስለ ነውሩ ሳስብ ግን ፉከራ ትዝ አለኝ። ራሱን የሚያመሰግን ሰው የማይወደው ያገሬ ሰው በሠርግና በዘመቻ ጊዜ ለፎካሪ መድረኩን ይለቅለታል፤ ፎካሪውም የት እንደዋለና ምን እንደጣለ ይቆጥራል እንጂ «ጀግና ነኝ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ ያልዋለበትን ዋልሁ ቢል ከዚያው ከተሰበሰበው ሰው መካከል የሚያሳፍረው አይጠፋም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ሲያዝ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር የጠየቀ አይመስለኝም።

እኔስ የት ዋልሁ? ትናንት ከሥራ መልስ ይህንኑ እያሰብሁ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ውኃው እንዲንጠፈጠፍለት ከድንጋይ ጋር አስደግፎ ሲያቆም ሳይ፣ አምና በምሠራበት ማተሚያ ቤት የጻፍሁት የአንድ አሳ ቤት ባነር ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ይዘውት የመጡት «ምርጥና ጥራት ያለው የአሳ ምግብ አለን» የሚል ጽሑፍ ነበር። እንደ ትእዛዙ አትሜ መስጠት እችል ነበር፤ ነገር ግን ቤታቸው ሄጄ ግማሽ ቀን ስቀመጥ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ማለዳ ከጀልባ እንደሚመጣና ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት እንደሚያልቅ አየሁ። ስለዚህ «ጠዋት ጣና ውስጥ ነበር፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ አይገኝም» ብዬ ጻፍሁላቸው። «አይገኝም ብሎ ማስታወቂያ አለ እንዴ?» ብለው በጣም ተቆጡ፣ ቅናሽም ጠየቁ (ቅናሹን አግኝተዋል)። ዛሬ የሰፈሩ ባጃጆች ያንን ማዕዘን «ጠዋት ጣና» ብለው ይጠሩታል።

ሦስተኛውን ደብዳቤ ከዚያ ማዕዘን ጀመርሁት፤ ባነሩን ማን እንዳዘዘ፣ ምን እንዳየሁ፣ ስለ ምን እንደተከራከርን ጻፍሁ፣ ፎቶግራፉንም አባሪ አደረግሁ። በሁለተኛው አንቀጽ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካገደ ወዲህ ሙያው የሳሙናውንና የዱቄቱን ወሬ ሳይሰለች የሚያዳምጥ ጸሐፊ ሳያስፈልገው እንደማይቀር ገለጽሁ፤ ትንሽ ድፍረት ያለበት ቢሆንም አልሰረዝሁትም። ስለ ቡድን ሥራና ስለ ጫና አንድም ቃል አላነሣሁም።

ዛሬ ለጋሼ ሳነብላቸው «ጉዳዩ» የሚለውን የት እንዳደረስሁት ጠየቁኝ። አውጥቼዋለሁ ብላቸው «ጉዳይ የሌለው ደብዳቤ ማን ይከፍተዋል?» ብለው ስለተቆጡ መልሼ አስገባሁት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ላክሁት።