አንድ በመቶ፣ ከምኑ ላይ?

የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳየው የኤፍኤምአርአይ ማሽን የሚሰጠን ቁጥር መለኪያ የለውም። ክብደት በኪሎ፣ ሙቀት በዲግሪ ይነገራል፤ የቦልድ ሲግናል (በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ተከትሎ የሚለዋወጠው ንባብ) 800 ሲሆን ግን «800 ምን?» ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለም። ለመቀበያው ጥቅል ሽቦ የቀረበው የአንጎል ክፍል ይደምቃል፣ መሀል ያለው ይደበዝዛል። ያው ሰው በማግስቱ ተመልሶ ቢተኛ ሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ እኔ የእያንዳንዱን ቮክስል (የአንጎሉ ምስል የተከፋፈለበት ትንሽ ኩብ) ሲግናል ለራሱ አማካይ አካፍዬ በ100 አባዛለሁ። አማካዩ 800 የሆነው በ8፣ 400 የሆነው በ4 ቢጨምር ሁለቱም የጨመሩት 1 በመቶ ነው። የአምስት መቶ ብር ጭማሪ ለጥበቃውና ለሥራ አስኪያጁ አንድ አይደለም።

«የቲ ዋጋው እንደሆነ አይለወጥ፣ ምን አደከመህ?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ ቲ ማለት የአንጎሉ ምላሽ ግምት ለስሕተቱ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። በአንድ ሰው፣ በአንድ ዙር ቅጂ ውስጥ ልክ ናቸው፤ በቋሚ ቁጥር ማካፈል ግምቱንም የግምቱን ስሕተትም እኩል ያሳንሳል። የብዙ ሰዎች ውጤት አንድ ላይ ሲመጣ ግን የማሽኑ ድምቀት ልዩነት የአንጎል ልዩነት መስሎ ይገባል። ደግሞስ ቲ ብቻ የተቀባበት ሥዕል ምን ይነግረኛል? በ3 ቴስላ (የማግኔቱ ጥንካሬ) ማሽን የተለመደው ለውጥ 1 ወይም 2 በመቶ አካባቢ ነው። መቶኛው ከተጻፈልኝ፣ 9 የሚል ሳይ ወዲያው እጠረጥራለሁ፤ ቲ ይህን ዕድል አይሰጠኝም።

ቅጂውን የሚተነትኑት ፕሮግራሞችም አይስማሙም። ኤስፒኤም ለመላው አንጎል አንድ ማካፈያ ይዞ አማካዩን ወደ 100፣ ኤፍኤስኤል ወደ 10000 ይወስዳል፤ በየቮክስሉ የሚሄደው አፍኒ ነው። የአንዱን ቤታ (ሞዴሉ የሚገምተው የምላሽ መጠን) ከሌላው ቤታ ጎን በአንድ ሰንጠረዥ መደርደር ከንቱ ድካም ነው።

ቅደም ተከተሉን ችላ የሚሉ ደግሞ ያናድዱኛል። ማለስለሱ (የእያንዳንዱን ቮክስል ሲግናል ከጎረቤቶቹ ጋር ማማከሉ) ይቀድማል፣ ማካፈሉ ይከተላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ከአንጎል ውጭ ያሉ አማካያቸው ወደ ዜሮ የቀረበ ቮክስሎች በመካፈሉ የተጋነነ ሁከታቸውን ለጎረቤቶቻቸው ያካፍላሉ። አፍኒ ከ200 በላይ የወጣውን እዚያው የሚቆርጠው ያለምክንያት አይደለም። የሞዴሉ ማዕበል (አንጎሉ ይሰጠዋል ተብሎ የሚጠበቀው ምላሽ ቅርጽ) ጫፍም 1 መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቤታው 1.2 ቢልም 1.2 በመቶ ማለት አይደለም።

መቶኛም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ከጆሮ ቱቦ በላይና ከዓይን ጉድጓድ በላይ ባለው ክፍል አየርና ሥጋ ስለሚገናኙ ሲግናሉ ይከስማል፤ አማካዩ ሲያንስ መቶኛው ሊያብጥ ይችላል። ትልቅ ደም መላሽ ሥር ያለበት ቮክስልም እንዲሁ ከነርቭ ሴሎቹ ሥራ በላይ ያሳያል። ስለዚህ ከመቶኛው ካርታ ጎን የአማካዩን ካርታ ሁልጊዜ ከፍቼ አስቀምጣለሁ።