ከእናቴ ጋር በቆጵሮስ ተራሮች

ቆጵሮስ ሄዶ መኪና ያልተከራየ ሰው የሚያየው የባሕሩን ዳር ብቻ ነው። በላርናካ፣ በሊማሶል፣ በጳፉና በኒኮሲያ መካከል አውቶቡስ አለ፤ በትሮዶስ ተራራ ጉያ ውስጥ ወደሚገኙት ባለ ሥዕል አብያተ ክርስቲያናት ግን መንገደኛን አመቺ በሆነ ሰዓት አድርሶ የሚመልስ የለም። እኔና እናቴን ከጀርመኗ ሽቱትጋርት ያስነሡን ደግሞ እነርሱ ናቸው። እናቴ እኔ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ገዳም ሳትሳለም መክረሟ ይከነክናታል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ «የበርናባስ አገር ነው፤ እርሱና ጳውሎስ ከስልማና እስከ ጳፉ ያቋረጡት ደሴት» አልኋት። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም፤ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች።

ላርናካ የገባነው በምሽት ነው። በኢንተርኔት የተዋዋልሁት የመኪና ኪራይ ለሳምንቱ 140 ዩሮ ነበር። አከራዩ ጠረጴዛ ዘንድ ስንደርስ ሒሳቡ ሌላ ሆነ። መድኑ ጎማን፣ መስታወትንና የመኪናውን ሆድ አይጨምርም፤ ሙሉ መድን ካልገዛሁ 1,200 ዩሮ ከካርዴ ላይ በመያዣነት ይታገዳል። ይህን እንኳ ውሉ ላይ አንብቤው ስለነበር ተቀበልሁ። ያበሳጨኝ የቤንዚኑ ነገር ነው። ሙሉ ታንክ በ85 ዩሮ በግድ ትገዣለሽ፣ መኪናውን ባዶውን ትመልሻለሽ፣ የተረፈው ቤንዚን ገንዘቡ አይመለስልሽም። ደሴቲቱ በጠቅላላው 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ከዚያም ላይ ከሲሶ የሚበልጠው ሰሜናዊው ክፍል ለዚህ መኪና የተከለከለ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና በቀሪው መሬት ላይ እየዞረች ያን ሁሉ ቤንዚን ትጨርሳለች ብሎ የሚያስብ አከራይ የለም፤ ዋጋውም የተሰላው እንዳይጨረስ ነው። ይህን በጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠው ወጣት በግልጽ ነገርሁት። ወጣቱ ትሑት ነበር፤ ደንቡን ያወጣው እርሱ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ፈረምሁ። የሰው ላብ የሆነ ገንዘብ በእንዲህ ያለ መንገድ ሲወሰድ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

በቆጵሮስ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ከ1878 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱን የገዙት እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ልማድ ነው። ለአዲስ አበባም ለጀርመንም ሰው እንግዳ ነው፤ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ። አውራ ጎዳናው ላይ አያስቸግርም፤ የሚያስጨንቀው አደባባይ ነው። እናቴ ከጎኔ ሆና በእያንዳንዱ አደባባይ «በግራ፣ በግራ፣ ልጄ» ትለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጠቅሞኛል። የኪራይ መኪኖች ታርጋ ቀይ በመሆኑ የአገሩ ሰው እንግዳነታችንን ከሩቅ ያውቃል፤ ቦታ ይለቅልናል፣ ጥሩምባም አይነፋብንም። በአውራ ጎዳናው የፍጥነት ገደቡ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ የመንገድ ክፍያም የለም። ጀርመን ውስጥ ከኋላዬ በ200 እየመጣ መብራት የሚያበራብኝን ሰው አንድ ጊዜም አልናፈቅሁም።

ላርናካ ላይ የቅዱስ አልዓዛርን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ጌታ ከሞት ካስነሣው በኋላ አልዓዛር ወደዚህ መጥቶ ጳጳስ ሆነ፣ ሁለተኛም እዚሁ ዐረፈ ብለው ያምናሉ፤ መቃብሩ ከመቅደሱ ሥር ነው። በጨው ሐይቁ ላይ ቀይ ክንፍ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ገና አልሄዱም ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ተራራው አመራን።

ካኮፔትሪያ የሚባለው መንደር በወንዝ ዳር የተሠራ፣ የድንጋይና የእንጨት ቤቶች ያሉት ውብ ስፍራ ነው። ሌሊቱ ግን አስመርሮናል። የተከራየነው ቤት በፎቶው ላይ ሞቅ ያለ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ወለሉ ባዶ ነው። ማሞቂያ በሌሊት 12 ዩሮ ተጨማሪ ይከፈልበታል ተባልን፤ ከፈልን። እኩለ ሌሊት ላይ ማሞቂያው ራሱን አጠፋ። ባለቤቲቱን ስደውል ስልኩ አይነሣም። ቆጵሮስ ማለት ፀሐይ ነው እያለ የሚያስተዋውቅ ሁሉ በየካቲት ተራራው ላይ በረዶ እንደሚኖር አይናገርም። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ውዳሴ ማርያሟን ደግማ፣ መልክአ ኢየሱሱን ደግማ፣ ሌሊቱን በጸሎት አነጋችው። እኔ ካፖርቴን እንደለበስሁ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቲቱ ስትመጣ ብሬን መልሺ አልኋት፤ ከ12ቱ ስድስቱን መለሰች።

በዚያው ቀን ያገኘነው ሰው ግን ይህን ሁሉ አስረሳን። የካቲት 24፣ የአድዋ በዓል ማግስት ነበር። ግሪኮቹ የእነርሱን ዐቢይ ጾም የሚጀምሩት በዚህ ሰኞ ነው፤ እኛ ዘወረደን ስለምንጾም አንድ ሳምንት ቀድመናቸዋል። ቀኑ በአገሩ ሁሉ ሥራ የሚዘጋበት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ምግቡን ተሸክሞ ሜዳ ይወጣል። ወደ ኒኪታሪ መንደር በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ በወይራና በለውዝ ዛፍ ሥር፣ ምንጣፍ ያልተነጠፈበት ቦታ አልነበረም። ልጆች ወረቀት በገመድ አስረው ያበርራሉ። መንገድ ልጠይቅ መኪናዬን ካቆምሁበት ቦታ አንድ ቤተሰብ እንቢ ብሎ አስቀመጠን።

በሰሊጥ የተነሰነሰ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬ፣ ለጋ ባቄላ ከነቅርፊቱ፣ በሎሚ የተነከረ ጥሬ አርቲቾክ፣ ታሂኒ፣ ሐላዋ። ቅባት የለ፣ ወተት የለ። በአውሮፓ ምግብ ቤት ጾመኛ ነኝ ብዬ ስናገር ሁልጊዜ ዶሮ ትበያለሽ ወይ ተብዬ የምጠየቅ ሰው ነኝና፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ የጾም ገበታ ላይ መቀመጤ ልቤን ሞላው። እናቴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ይህን እንግሊዝኛ ለምትችለው ልጃቸው ስነግራት ለአያቷ ተረጎመችላቸው። አያትየው ጥቁር ለብሰው፣ ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር አስረው ከዛፉ ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምንም አልተናገሩም። ሳሕን አንሥተው ከሁሉም ዓይነት ትንሽ ትንሽ ጨመሩበት፤ በሌላ ሳሕን ከደኑትና ከጎናቸው በጥላው በኩል አኖሩት። ልጆቹ ወደ ሳሕኑ እጃቸውን ሲሰዱ መለሷቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሳቸው ከፍተው ለእናቴ ሰጧት። በክዳኑ ላይ የቀረበው የተጠበሰ ኦክቶፐስ ለእነርሱ ጾም አይገድፍም፤ ደም የለውም ይላሉ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመስግና እርሱን ብቻ ተወችው፤ ማንም አልተቀየማትም።

በማግስቱ አሲኑ ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከኒኪታሪ ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ በጫካ መካከል ነው። ከውጪ ሲያዩት የእህል ጎተራ ይመስላል፤ አጭር የድንጋይ ግድግዳ፣ በላዩ ሾጣጣ የሸክላ ጣሪያ። ጣሪያው በረዶው ተንሸራቶ እንዲወርድ ነው እንዲህ የተሠራው። እንዲህ ካሉት የትሮዶስ አብያተ ክርስቲያናት አሥሩ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል፤ ዘጠኙ በ1985፣ አሥረኛው በ2001 እ.ኤ.አ.።

እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ጠባቂው ሽማግሌ ወለሉ ይበርዳል ብለው በምልክት ከለከሏት፤ እርሷ ደግሞ ወደ ውስጥ እያሳየች እንደማይሆንላት ነገረቻቸው። ጥቂት አይተዋት ሄዱና ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያለችውን ትንሽ ምንጣፍ አምጥተው ከእግሯ ሥር አነጠፉላት። በሄደችበት ሁሉ ምንጣፏን እየጎተቱ ተከተሏት።

ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው። ጥንታዊው የተሣለው በ1105 ወይም በ1106 እ.ኤ.አ. ነው፤ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ማለት ነው። ሰማያዊው አሁንም ሰማያዊ ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ራቁታቸውን በበረዶ ሐይቅ ላይ የቆሙ ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ክንዱን በደረቱ ላይ አጣምሯል፣ አንዱ ጎረቤቱን ደግፏል። እኔ የመግለጫውን ወረቀት ስፈልግ እናቴ «አርባው ሰማዕታት ናቸው» አለች። ብርዱን መቋቋም አቅቶት ወደ ሙቅ ቤቱ የሸሸውን አንዱን፣ በእርሱም ፈንታ ልብሱን አውልቆ የገባውን ወታደር በጣቷ እያሳየች ተረከችልኝ። ከስንክሳር የሰማችውን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ክፍል በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ጊዮርጊስ፣ ከእርሱም ወዲያ የመጨረሻው ፍርድ አለ። ፎቶ ማንሣት ክልክል በመሆኑ አንዲትም የለኝም፤ ክልከላው መልካም ነው፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በዓይኑ ነው የሚያየው።

ኪኮስ ገዳም ሄደን ሉቃስ ሣላት የሚሏትን፣ ፊቷ ተሸፍኖ የማይታየውን የእመቤታችንን ሥዕል ተሳለምን፤ ጳፉ ወርደን ጳውሎስ ታስሮ ተገረፈበት የሚሉትን ዓምድ አየን። የቀረውን የባሕር ዳር በመኪና መስኮት አልፈነዋል፤ ሆቴል በሆቴል ላይ ነው፣ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

ኒኮሲያ ላይ መኪናውን ከከተማዋ የቬኒስ ዘመን ቅጥር አጠገብ አቆምን። ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴቲቱ የግሪክና የቱርክ ወገን ተብላ ለሁለት እንደተከፈለች ናት፤ የኪራይ መድኑም ከዚያ መስመር አያልፍም። በ2008 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የሌድራ መንገድ መተላለፊያ በእግራችን ተሻገርን፤ ፓስፖርት በዚህ ወገን ያሳያሉ፣ ጥቂት እርምጃ ሄደው በዚያ ወገን እንደገና ያሳያሉ፤ በመካከል ያሉት ሱቆች መስኮታቸው በጆንያ አሸዋ ተደፍኗል። ወዲያ ማዶ የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል የነበረው ሕንፃ ሁለት ሚናራ ተተክሎበት መስጊድ ሆኖ ይኖራል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህች ከተማ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር፤ የኖሩበትን ግን የሚያሳየን አላገኘንም። እናቴ ያን ቀን ዝምታ አበዛች። ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ከአሥመራ እህቷ ጋር በስልክ እንኳ መገናኘት ያልቻለች ሴት ናት። ሁለቱን የፖሊስ ሳጥኖች ደጋግማ እየዞረች ታያቸው ነበር።

የመጨረሻውን ጠዋት ለስታቭሮቩኒ ተውነው። ገዳሙ ወደ 690 ሜትር ከፍታ ባለው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከአውራ ጎዳናው ላይ ከሩቅ ይታያል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን አግኝታ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ እዚህ ዐርፋ ከግማደ መስቀሉ ትታለች ይላሉ። ደመራ ስትለኩስ ያደገች፣ ግሸን ደብረ ከርቤን በእግሯ የወጣች ሴት ይህን ሰምታ አትቀርም። ሴት ግን አይገባም። ይህን ከሽቱትጋርት ስንነሣ ነግሬያታለሁ፤ «ደብረ ዳሞስ ይገባል እንዴ? ከደጁ እሳለማለሁ» ነበር መልሷ። እኔ በበኩሌ ያን ያህል አልቀለለኝም። የእሌኒን ስም የተሸከመ ደብር ሴትን ከደጅ ሲመልስ ልቤ ይከፋዋል፤ እዚያም ቆሜ ከፍቶኛል።

መንገዱ እጥፍ እጥፍ እያለ ይወጣል፤ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሄድሁት። ላይ ስንደርስ ንፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ሊነጥቅ ደረሰ። ከበሩ ውጪ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አብርተን ስንወጣ እናቴ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ሌሊት የጻፈችው ነው፤ የሕያዋንና የሙታን የክርስትና ስም፣ በሁለት ዓምድ፣ በፊደላችን። የሚያስገባው ሰው ነበር የጠፋው። አንድ የአገሩ ሰው ከልጁ ጋር ሊገባ ሲል አየሁትና ለመንሁት። በእነርሱም ዘንድ ስም ጽፎ ማስጠራት የታወቀ ነው፤ ገና ሳልጨርስ ገባው። ፊደሉን ግን አያነበውም። በመኪናው ጣሪያ ላይ ወረቀቱን በክንዴ ተጭኜ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በላቲን ፊደል ጻፍሁለት፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ።

ቀትር ላይ ገዳሙ ስለሚዘጋ እየሮጠ ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። መነኩሴው ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው እንዳነበቡ፣ ከየት አገር እንደሆኑም እንደጠየቁት ነገረን። ለእናቴ ተረጎምሁላት። አገላብጣ ወረቀቱን አየችና «ውይ፣ የአባትሽን እህት ረስቻለሁ፤ ጎረቤታችንንም» አለች። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብላ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። የአውሮፕላኑ ሰዓት ቀርቦ ነበር፤ መኪናውም የሚመለስበት ሰዓት አልፏል። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ልጁን እኔ ጋ ተወው፣ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ ገባ።