መሬት አይደለም፣ እኔ ነኝ

ሰፈር ውስጥ ስሜ ተቀይሯል። አሁን «ሬክተር» ነኝ። የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር «ሬክተር፣ ግባ» ይለኛል።

እሁድ ማታ አከራዬ ሳሎን ፖከር እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፣ በሽምብራ ቆሎ ነው። ቆሎው ቀድሞ ያለቀበት ግን ለሁሉም ጥብስ ይጋብዛል። ሦስት እሁድ በተከታታይ የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ፈሪ ነኛ! ትንሽ ሲጨምሩብኝ ካርታዬን ጥዬ ቁጭ።

ስለዚህ ቪዲዮ ከፈትኩ። በጨለማ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ «ዝም ብለህ አትከተል፤ ወይ ጨምር፣ ወይ ጣል» ይላል። አምስት ባለ ልብ ካርታ ጠንካራ እጅ ነው፤ አራት ይዘህ አምስተኛውን ስትጠብቅ ጨምር። ወይ ፈርተው ይጥላሉ፣ ወይ ልቡ ይመጣልሃል። ሊገለጥ ሁለት ካርታ ሲቀር ዕድልህ ከመቶ 35 ያህል ነው፤ አንድ ሲቀር ከ20 በታች ይወርዳል። ገባኝ። «ይህን ግን በፍጹም እንዳታደርግ...» ሲል ፓኬጄ አለቀ። ጠዋት የገዛሁት የቀን ፓኬጅ! እስከዚያ ስልኩን እንኳ አልነካሁትም። እኔ ስተኛ ማን ነው የሚያይበት?

እሁድ ደረሰ። እጄ ላይ ሁለት ባለ ልብ፣ መሀል ከተዘረጉት ሦስት ደግሞ ሁለቱ ልብ። ጨመርኩ። ሁለት ሰው ጣለ! አከራዬ ጋሼ ብቻ ቀሩ። አራተኛው ካርታ ልብ አይደለም። ጨመርኩ፣ ተከተሉኝ። አምስተኛው ጥቁር ሰባት። ምንም የለኝም። ያለኝን ሽምብራ በሙሉ ገፋሁት።

ያኔ ሲኒዎቹ መንጫጫት ጀመሩ።

ስዋሽ ቀኝ እግሬ እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅኩት ያን ማታ ነው። መጀመሪያ ሲኒዎቹ፣ ቀጥሎ ማንኪያዎቹ፣ ከዚያ የስኳር ዕቃው ክዳን። በ2017 ታኅሣሥ የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲመጣ እዚህ የነበረ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳውም። እትዬ «በስመአብ!» ብለው ወጡ። ካርታ የጣሉት ሁለቱ ተከተሏቸው፣ አንደኛው በባዶ እግሩ። ጩኸቱን የሰማ ተከራይ ሁሉ ወጣ። አንዱ ሳሙናው ሳይለቀው በፎጣ፣ አንዷ ቴሌቪዥኗን ታቅፋ። ባሏ ውስጥ ነው። ውሾቹም ጮኹ። ግቢው ውስጥ ስንት ሬክተር እንደሆነ ክርክር ተጀመረ። 5.2 ነው ብሎ የማለም ነበር።

ሳሎን የቀረነው እኔና ጋሼ ነን። አልተነሡም። ለመሬት መንቀጥቀጥ ያልተነሡ ሰውዬ ለኔ ሽምብራ ሊሸሹ ኖሯል? ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ጥለው አያውቁም እኮ! መነጽራሙ «በፍጹም» ያለው ይህንን መሆን አለበት። የማይጥል ሰው ላይ ባዶ እጅህን አትጨምር።

«እግርህን አቁምና ገልብጥ» አሉኝ።

ገለበጥኩ። እሳቸው ጥንድ አራት ብቻ ነበራቸው። ጥንድ አራት! ሽምብራውን ወደ ራሳቸው እየሰበሰቡ በመስኮት ተጣሩ፦

«ግቡ፣ ግቡ! መሬት አይደለም፣ ይሄ ልጅ ነው!»

ትናንት «ጋሼ፣ ኪራዩን ሰኞ እከፍላለሁ» አልኳቸው። ፊቴን አላዩም። ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ።