እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ፦ የድኒፐር ባሕረ ጥምቀት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ከተራ ነው። ታቦታቱን ለመሸኘት ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል ይህችን ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ። ሰሞኑን የሌላ ሕዝብ ጥምቀት ሳነብ ከርሜ ልቤን ወስዶታል።

የሩስ ሕዝብ (የዛሬዎቹ ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያንና ቤላሩሳውያን አባቶች) ጥንታዊ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ የኪየቭ መስፍን ቭላድሚር የትኛውን ሃይማኖት እንደሚይዝ ለመወሰን ወደየአገሩ መልእክተኞች ላከ። ቁስጥንጥንያ የደረሱት ሐጊያ ሶፍያ የተባለችው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሥርዓቱን ቆመው አዩ። ሲመለሱ ስለ ዶግማ አላወሩም፤ «በሰማይ እንሁን በምድር አላወቅንም» አሉ እንጂ። ታሪኩ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና አፈ ታሪክ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ቢሆንም ማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ ከበሮውና ጽናጽሉ አንድ ሲሆን የሰማ ሰው፣ እነዚያን መልእክተኞች ምን እንደነካቸው ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ፖለቲካም ነበረበት። የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ንጉሠ ነገሥት ባስልዮስ ዳግማዊ ዐመፅ ተነሥቶበት ወታደር ቸግሮት ነበር፤ ቭላድሚር ጦር ላከለት፣ የንጉሠ ነገሥቱን እኅት አናን አገባ፣ ተጠመቀም። አያቱ ኦልጋ ግን ቀድማው ክርስቲያን ሆና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ988 ኪየቭ ውስጥ ሆነ የሚባለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ራሱ በብር የተሠራው የነጎድጓድ አምላክ የሚሉት የፔሩን የእንጨት ጣዖት ከፈረስ ጭራ ጋር ታስሮ እየተጎተተ ወደ ድኒፐር ወንዝ ወረደ፤ ያልተጠመቁት አለቀሱለት። ከዚያ ሕዝቡ ራሱ ወንዙ ውስጥ ገባ። ገሚሱ እስከ አንገቱ፣ ገሚሱ እስከ ደረቱ፣ ልጆቹ ዳር ዳሩን፤ ሕፃን የታቀፉም ነበሩ። ካህናቱ ቆመው ይጸልያሉ። እዚህ ላይ ጃንሜዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ለጣዖቱ ያለቀሱትም አንጀቴን በሉት፤ በመስፍን ትእዛዝ የሰው ልብ በአንድ ጀምበር አይመለስም።

ከቢዛንታይን የመጣው ጥምቀቱ ብቻ አልነበረም። የሕንፃው ጉልላት፣ የሞዛይኩ ጥበብ፣ ሥርዓተ ቅዳሴው ሁሉ ከዚያ ነው። መጻሕፍቱ ግን በሁለቱ ወንድማማች ሰባክያን በቄርሎስና በሜቶድዮስ ድካም በስላቭ ቋንቋ ተተርጉመው፣ በቡልጋሪያ በኩል አልፈው ስለደረሱ ሕዝቡ ቃሉን በሚገባው ቋንቋ ሰማ። ጳጳሱ ደግሞ ከቁስጥንጥንያ ይላክ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ግሪክ ነበር። ለእኛ ከእስክንድርያ ይላክልን እንደነበረው ማለት ነው! ከአገሩ ሰው የመጀመሪያው የኪየቭ ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) ኢላሪዮን የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1051 ነው፤ ከእኛ አገር ሰው የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ ደግሞ እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1951። ልክ ዘጠኝ መቶ ዓመት። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በወሰነው በኬልቄዶን ጉባኤ ጉዳይ ከእነርሱ ጋር እንደምንለያይ አልዘነጋሁም፤ ግን እምነትን ከሩቅ አገር ተቀብሎ የራስ ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከቁስጥንጥንያ ወደ ኪየቭ የሄደች አንዲት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላት ዓይነት ናት፤ ሕፃኑ ጉንጩን ከእናቱ ጉንጭ አጣብቆ አንገቷን አቅፏል። ዛሬ ሞስኮ ናት። በየዘመኑ ስለታደሰች ከመጀመሪያው ሠዓሊ እጅ በዋናነት የቀረው ሁለቱ ፊቶች ናቸው። ዓይኖቿን ያየ ሰው ግሪክ ትሁን ሩሲያዊት አይጠይቅም።

ሩሲያውያን ጥምቀትን አብዛኛውን ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። የወንዙን በረዶ በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡና ያንን ቀዳዳ «ዮርዳኖስ» ይሉታል፤ ካህኑ መስቀሉን ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ያጠልቃል። ሰዉም የተባረከውን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ቤቱ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ያኖረዋል። እናቴም ነገ በሃይላንድ ጸበል ሞልታ ትመለሳለች፤ ሥዕለ አድኅኖዋ ሥር ታኖረውና የታመመ ሲኖር ትረጨዋለች።

ታቦቱ ሊወጣ ነው መሰለኝ፣ እልልታው እዚህ ድረስ ይሰማል። መልካም በዓል!