ከንብረት ክፍል ወደ ምክር ቤት

የከተማ ምክር ቤት አባል ከመሆኔ በፊት 11 ዓመት ንብረት ክፍል ነው የሠራሁት። ዕቃ አስገባለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ፣ ቢን ካርድ፣ ማለትም የገባውና የወጣው ዕቃ የሚጻፍበትን ካርድ፣ እሞላለሁ። ቆጠራ ሲደርስ ካርዱ 40 ብሎ መደርደሪያው ላይ 37 ከተገኘ፣ ሦስቱ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቤት መሄድ የለም። ያኔ ሥራው ያንገሸግሸኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ከዚህ የተሻለ ስንቅ አልነበረኝም።

ስለ መመረጤ ብዙ የሚወራ የለም። የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ሰፈሩ ያውቀኛል። ሌላ የሚወዳደር ሲጠፋ “አንተ ግባ” ተባልኩ፤ ገባሁ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከመራጮች ጋር በተገናኘሁበት በመጀመሪያው ቀን ነው። አንዲት እናት ተነሥተው ስለ መንገድ መብራት ጠየቁ። ልጃቸው ማታ ከትምህርት የሚመለሰው ጨለማውን እየዳበሰ ነው። ጭብጨባው ሞቅ አድርጎኝ ነበርና “በሦስት ወር ውስጥ ይበራል” አልኩ። ሦስት ወሩን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። በአራተኛው ወር ሲመጡ ያልኩትን ከነቀኑ በወረቀት ይዘውታል። “ልጄ፣ ይኸው ተጽፏል” አሉኝ። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ የምክር ቤት አባል አያዝም። ደንብ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ምሰሶ የሚተክለው፣ ቦይ የሚቆፍረው አስፈጻሚው ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ “ይህችም ትጨመርልን” ማለት ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደጅ መጥናት ያለብህ ረቂቁ ገና ከየክፍሉ ሲሰበሰብ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቀድሜ ሄድኩ፤ መብራቱ በጀት ውስጥ ገባ። ለእማማ ልነግራቸው ስሄድ “ሲበራ አያለሁ” ብለው ሸኙኝ። አልፈርድባቸውም።

በጣም ያስተማረኝ ግን ቦዩ ነው። ሪፖርቱ “300 ሜትር የፍሳሽ ቦይ መቶ በመቶ ተጠናቋል” ይላል። አጨበጨብን። ዝናቡ ሲመጣ ግን ከቦዩ አጠገብ ያሉት ቤቶች እንደ ድሮው ውሃ ገባባቸው። ቋሚ ኮሚቴያችን የመስክ ምልከታ አድርጎ ነበር፤ መኪና ቆመ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተመለስን። እኔም ፎቶው ላይ አለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብቻዬ በእግሬ ሄድኩ፣ አንድ ግንበኛ ጎረቤቴን ይዤ። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ በውሃ ሞላን። አንዱን ጫፍ እኔ ቦዩ መሐል ላይ ያዝኩ፣ ሌላውን እሱ ቦዩ ወደሚያበቃበት ወሰደው። በቱቦው ውስጥ ያለ ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም አይዋሽም። ከዚያ የውሃ ልኩ ከቦዩ ወለል ስንት እንደሚርቅ በሁለቱም ቦታ ለካን። መውጫው ከመሐሉ በአንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ውሃው ሽቅብ እንዲሄድ ነው የተጠበቀው! ርዝመቱ ልክ ነው፣ ሲሚንቶውም ደህና ነው። ካርዱ ሞልቷል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው።

በጉባኤው ላይ ማንንም አልከሰስኩም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ የመውጫውን ከፍታ ማን ለካው? ማን ተረከበው? መቼ ይስተካከላል? ከዚያ ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ አልኩ። በሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ ያቺ ገጽ እንድትነበብ አመለከትኩ። ሁለቴ ተነበበች። እንደ ዕድል ሆኖ ለተቋራጩ እስከ መጨረሻው ርክክብ ተይዞ የሚቆየው ገንዘብ ገና አልተለቀቀም ነበር። መጨረሻው ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ጥገና የሚቆረጥ ሪባን የለውም፤ ለዚህ ነው ወዳጅ የሚያጣው። አስፋልት የሚገድለው ውሃ ነው። በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን አፈር ያላላዋል፣ ከዚያ ጎማ ይሰብረዋል። ቦዩን ሳይጠርጉ ጉድጓዱን መድፈን በየዓመቱ ያንኑ ጉድጓድ መድፈን ነው። ይህን ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት ከባድ ይመስለኝ ነበር። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በከተማዋ በጀት ላይ ቅደም ተከተል እንዲያወጡ ማድረጓን አንብቤ ነበርና፣ በእኛ አቅም ሞከርኩት። አምስት ችግር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ሰው ሁሉ ሁለት ብቻ እንዲመርጥ። አዲስ መንገድ ያሸንፋል ብዬ ነበር። የቦይ ጠረጋ አሸነፈ።

አንዱ ነገር ግን አሁንም ይቆጠቁጠኛል። የአጎቴ ልጅ በአንድ ጨረታ ገባ። ጉዳዩ ኮሚቴያችን ሲደርስ ዝምድናዬን አስመዝግቤ ከክፍሉ ወጣሁ። ጨረታውን አላሸነፈም። “ቢያንስ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?” አለኝ። ረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ዛሬም ብሆን እወጣለሁ፤ ቀድሜ ለእሱ ሳልነግረው በመውጣቴ ግን ይጸጽተኛል።

ከመብራቱ ውርደት በኋላ አንድ ደብተር ይዤ ነበር። ጥያቄው፣ የጠየቀው ሰው፣ የሚመለከተው ክፍል፣ መልስ የተሰጠበት ቀን። “አይሆንም” የሚለውም መልስ ነው፤ ሄጄ እናገራለሁ። ሰዎች ከእምቢታው ይልቅ በመጥፋቴ ነበር የሚቀየሙት። የአገልግሎት ዘመኔ ሲያበቃ ደብተሩን ለተተኪዬ እንደ ንብረት ቆጥሬ አስረከብኩት። እኔ ያልተመለሱት 14 ናቸው አልኩ። እሱ ቆጠረና 13 አለ። ተያየን፣ ከዚያ ከገጽ አንድ ጀመርን።